ጎኑን ያላነበብኩት ጎማ

ሐሙስ፣ ወር በገባ በ3

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በራሴ እጅ። ማንም እጄን አልያዘኝም።

የማታ ትምህርቱ ትናንት አለቀ። ከሃያ ሦስት ተማሪ በዕድሜ አንደኛ፣ በቀልድ አንደኛ ወጥቻለሁ። በንባብ ስንተኛ እንደሆንኩ መምህርቷ ታውቃለች፤ እሷን መጠየቅ ነው። ደብተሩንም የሰጠችኝ እሷ ናት። «ጋሼ፣ በየቀኑ ሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፉ፤ አለዚያ ፊደሉ ይጠፋብዎታል» አለችኝ። «እኔ እስካሁን የጠፋብኝ ፀጉሬ ብቻ ነው» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ለማያውቀኝ ሰው፦ ሾፌር ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ፊደል ሳይሆን ምልክት በሚጠየቅበት ጊዜ ነው። ሰዎች «አንደኛ» ይሉኛል። ምቀኞች «ስሙን ያወጣው ራሱ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ አለችኝ። ቀለሟ ነጭ ነበር፤ አሁን እንደየወቅቱ ነው፣ በበጋ አቧራ በዝናብ ጭቃ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አንድ ልጅ አለችኝ። ላይኛው መንደር ከባሏ ጋር ታስተምራለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የተማሪዎቿን ፈተና ስትጨርስ ወጥቼ አመጣታለሁ፤ ሐኪም ቤት ያለው እዚህ ታች ነውና እኛ ጋ ሆና ትወልዳለች። ችግሩ፣ ዝናብ እየመጣ ነው፤ የፒካፗ አራቱም ጎማዎች ደግሞ ሊሾ ሆነዋል። ከኔ ራስ የበለጠ ተላጭተዋል። አዲስ ጎማ መምረጥ አለብኝ።

ቀላል ነው። በዚህ ከተማ ጎማን አሽትቶ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ በ5

ዝናቡ ጀመረ።

ባለቤቴ «ጎማውስ?» አለችኝ። «ይደርሳል» አልኳት። «አምናም ይደርሳል ብለህ ነበር» አለች።

ወጥቼ መኪና አጠብኩ። በዝናብ።

ሰኞ፣ በ7

ጉልበቴን ያመኛል። ጭቃና ጉልበት አይዋደዱም። የመድኃኒቴ ጠርሙስ ላይ ልጄ ሥዕል ትስልልኛለች። ፀሐይ ስትሆን አንድ ፍሬ፣ ጨረቃ ስትሆን ሁለት ፍሬ። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ሥዕል ትወዳለች። ለእናቷ ጠርሙስ ግን ስትስል አይቼ አላውቅም።

ማታ ትምህርት መግባቴን አልነገርኳትም። እሷ አባቷ ድሮም የሚያነብ ነው የሚመስላት። ይምሰላት።

ረቡዕ፣ በ9

ጎማ ቤት ሄድኩ። ሻጩ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። አንደኛው የአስፋልት ጎማ ነው፤ ጥርሱ ጥቃቅን፣ ጸጥ ያለ፣ የቢሮ ሠራተኛ የሚመስል። ሁለተኛው የጭቃ ነው። ጥርሱ የአዞ ጥርስ! እሱን ሳይ ልቤ ሄደ። ሦስተኛው በሁለቱ መሀል ነው፤ ለሁሉም መንገድ ይሆናል ይሉታል፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ለጭቃም።

«ለሁሉም የሚሆን ለማንም አይሆንም» አልኩት።

እንደ ልማዴ በመዳፌ መታሁ፣ በጥፍሬ ተጫንኩ፣ አሸተትኩ። ሻጩ ከኋላዬ ለገንዘብ ተቀባይዋ «ሰውዬው ጎማ ነው ሐብሐብ የሚገዛው?» ሲላት ሰማሁ። ጆሮዬ ገና ሊሾ አልሆነም።

የአዞውን ልወስድ ቆረጥኩ። ያውም ከመኪናዬ መጠን ከፍ ያለውን። ፒካፗ እሱን አድርጋ ስትገባ ከተማው ወጥቶ ይያት እንጂ! ልክ ልወስደው ስል ሻጩ «ጋሼ፣ ጎኑን ያንብቡትና ከመኪናዎ ጋር ይሄድ እንደሆነ ይዩ» አለኝ።

ይቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቻት ነበር። አምና።

«እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ፣ በ11

ልጄ ደወለች። እግሯ አብጧል። «ቀላል ነው አባዬ» አለች። ሁሉን ነገር ቀላል ማለት ከማን እንደወረሰች እንጃ።

እሁድ፣ በ13

መምህርቷ «በቤታችሁ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቡ» ብላን ነበር። ዛሬ ቤቴን አነበብኩት። ሳሙናው «ከሕፃናት ያርቁ» ይላል። ግድግዳችን ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ የሁለት ዓመት አሮጌ ነው! ባለቤቴን ጠየቅኳት። «ሥዕሉ ስለሚያምር ነው ያልጣልኩት» አለች። ለካ በየጠዋቱ በኩራት እያየሁ የምወጣው ያለፈ ዓመት ነው።

ቤቱን ስጨርስ ወደ ግቢ ወጣሁ። ጥግ ላይ ባለቤቴ አበባ የተከለችበት ጎማ አለ። የአምናው ጎማ ነው። እኔ ላቃጥለው ነበር፣ እሷ ናት የከለከለችኝ። ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ፊደሎቹ የኛ አይደሉም፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። ትልልቆቹ ቁጥሮች መጠኑ ናቸው፣ ይህን ሻጩ አሳይቶኛል። ከነሱ ራቅ ብሎ እንቁላል በምታህል ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። ገለበጥኩት፦ 2311።

ቁጥሩን አነበብኩት። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ሰኞ፣ በ14

ጎማ ቤት ተመለስኩና እንደ ዋዛ፣ ለራሴ እንዳልሆነ አድርጌ ጠየቅኩ።

«እሱ የጎማው ልደት ነው» አለኝ ሻጩ። «የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ ጋሼ። ላስቲኩ ውስጥ ውስጡን ይደርቃል። ቀለም ቀብተው ቢያብረቀርቁት እንኳ ሙቀትና ሸክም ሲያገኘው ይፈነዳል።»

ቤት ገባሁ። ዓመቶቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

ዛሬ ቀልድ የለም።

ረቡዕ፣ በ16

ያንን ጎማ አምና አዲስ ነው ብዬ ስገዛው የአሥራ አንድ ዓመት አሮጌ ነበር።

ጻፈው ያለኝ የለም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለ።

አምና በዝናቡ ወራት ልጄ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ደም ፈሰሳት። ባሏ ደወለ። ነዳሁ። ላይኛው መንደር ከመድረስ በፊት ምላስ የምንለው ዳገት አለ፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ሲረጥብ የሚያንሸራትት። እሱ ላይ የኋላ ግራ ጎማዬ ፈነዳ፣ ፒካፗም በጎኗ ቦይ ውስጥ ገባች። መኪና ማንሻው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ከሥሩ ድንጋይ ባደርግ ድንጋዩም ሰመጠ። ሁለት ሰዓት ታገልኩ። ከዚያ ሰዎች ልጄን በቃሬዛ ተሸክመው ከላይ መጡና በአጠገቤ አለፉ። ከቃሬዛው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ በሰበስክ እኮ» አለችኝ። 

ፅንሱ አልተረፈም።

እኔ ምን አደረግኩ? ጎሚስታው ላይ ላከክኩ። በመኪና ማንሻው ስም ክሪክ ነው የምንለው፤ አጭር ነው፣ ግን የማያነሳው ነገር የለም። የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነበር። ያንን ጎማ ሚስማር ወግቶት ከሁለት ሳምንት በፊት የለጠፈልኝ እሱ ነው። «አለጣጠፉ ነው ጉድ የሠራኝ» ብዬ ሾፌሮች በሚቆሙበት አደባባይ ለፈፍኩ። እኔ ስለፍፍ ደግሞ ይሰማል። ብዙዎቹ ወደሱ መሄድ ተዉ።

እውነቱ ይሄ ነው። ክሪክ ሊለጥፈው ሲያወርደው ጎማውን አገላብጦ አየና «አንደኛ፣ ጎኑን አንብበው። ይሄ ጎማ ዝናቡን አይዘልቅልህም» አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ሮጥ ሮጥ አደረግኩበትና «አንብቤዋለሁ ባክህ! አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት።

የሚያነብ መምሰል ለሠላሳ ዓመት የተለማመድኩት ሙያ ነው። በሱ ግን እውነትም አንደኛ ነኝ።

ዓርብ፣ በ18

በክሪክ ቤት በር ሁለት ጊዜ አለፍኩ። ዝግ መስሎኝ ነው ያልገባሁት።

በሩ ክፍት ነበር።

እሁድ፣ በ20

ልጄ በሰው እጅ የጉልበት መድኃኒት ላከችልኝ። ጠርሙሱን አገላብጬ ፀሐይዋን ፈለግኩ፤ የለችም። ጨረቃም የለችም። በጽሑፍ ነው፦ «ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለት። ጎበዝ አባዬ።»

ባለቤቴን አየኋት። ሽንኩርት መክተፍ ቀጠለች። ይቺ ሴት ምስጢር አትችልም።

አምስቱንም ቃላት ደጋግሜ አነበብኳቸው። ስድስተኛ እና ሰባተኛ ጊዜም። ደግሞ ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ናቸው።

ማክሰኞ፣ በ22

ከላይኛው መንደር አዋላጇ ራሷ ደወለች። የልጄ የደም ግፊት ጨምሯል። «ፈተና ምናምን የሚባል ነገር የለም፤ እስከ ዓርብ ትውረድ። መንገዱም ዳር ዳሩን ዝናብ እየበላው ነው፣ ከዚያ በኋላ መኪና ይለፍ አይለፍ እንጃ» አለች።

«ቀላል ነው» አልኳት።

 

ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። «አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ጎማውን ከማን ጋር ሆነህ መምረጥ እንዳለብህ ታውቃለህ።» ምን ያህል እንደምታውቅ አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ፣ በ23

ሄድኩ።

ክሪክ የጎማ ካላማዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀና አላለም።

«ዝግ ነው» አለ።

«በሩ ክፍት ነው እኮ።»

«ለሰው ክፍት ነው። ላንተ ዝግ ነው።»

ቀልድ ፈለግኩ፤ አጣሁ። በአፌ ማለት እንደማልችል ስለገመትኩ በወረቀት ጽፌው ነበር የሄድኩት። ከኪሴ አወጣሁና ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ «ጎማው የአሥራ አንድ ዓመት ነበር። ነግረኸኝ ነበር። አንብቤዋለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። ማንበብ አልችልም ነበር። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ያንተን ስም አጠፋሁ።»

ካላማዳሪው ከእጁ አምልጦ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ።

«ማን ነው የጻፈልህ?»

«እኔ።»

«ውሸታም።»

«እኔ ነኝ እልሃለሁ!»

ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ አየው። «እውነትህን ነው። አጻጻፍህ እንደ አነዳድህ ነው፣ መስመር አይጠብቅም» አለና ዞር ብሎ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ውኃው ረጭቶት ይሆናል።

«ሃያ ዓመት!» አለ እንደዞረ። «ሃያ ዓመት አብረኸኝ ስትበላ ስትጠጣ፣ አልችልም ብትለኝ አላነብልህም ነበር፣ አንተ ግትር?»

ጎንበስ ብዬ ካላማዳሪውን ከውኃው አወጣሁለት።

«በል፣ ያጠፋኸው አደባባይ ላይ ነው፤ እዚያው ሄደህ ታነበዋለህ» አለኝ። ወዲያው ሄድን። ሾፌሮቹ ፊት ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት።  ከዚያ አንዱ «አንደኛ ማንበብ ቻለ? እንግዲህ ቁም የሚለውን ምልክት አላየሁም ማለት ቀረበት» አለ። ሳቁ። ያን ጊዜ እንኳ የሳቁት በኔ ምክንያት ስለሆነ ትንሽ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ሁለቱ ግን ሳይስቁ መጥተው ክሪክን ጨበጡት።

ሐሙስ፣ በ24

ከክሪክ ጋር ጎማ ቤት ሄድን። ቀጥ ብዬ ወደ አዞው። «ይሄውልህ!» አልኩት።

«መንገድህን ንገረኝ» አለኝ።

«ታውቀው የለ እንዴ?»

«ንገረኝ አልኩ።»

«መጀመሪያ አስፋልት። ከዚያ ኮረኮንች። መጨረሻ ላይ ምላስ።»

«ምላስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ሁለት።»

«ለሁለት ኪሎ ሜትር ብለህ ነው ነፍሰ ጡር ልጅህን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሙሉ የምታንገጫግጫት? ይሄ ያንተ አዞ እርጥብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል። ይጮኻል፣ ያርገፈግፋል። ይሄ ከልክ ያለፈ መጠኑ ደግሞ መሪ በጠመዘዝክ ቁጥር የጭቃ መከላከያውን ይፈገፍጋል። አንተ የምትመርጠው ለዳገቱ ነው። ለተሳፋሪዋ ምረጥ።»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩበት ቀን ብዙ ስላልሆነ እዚህ ይመዝገብልኝ፦ ሐሙስ፣ በ24፣ ከሰዓት በፊት።

ለሁሉም መንገድ የሚሆነውን አራት አወረዱልን። ሻጩ ሊያስጭናቸው ሲል «ቆይ» አልኩ። ጉልበቴ እየጮኸ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ አነበብኩ። መጠኑ ፒካፗ በር ላይ ከተለጠፈው ጋር አንድ ነው። ልደቱን አየሁ። አንደኛው የዘንድሮ። ሁለተኛው የዘንድሮ። ሦስተኛውም። አራተኛው ከሁሉም በላይ ያብረቀርቃል፤ የሰባት ዓመት ነው።

«ይሄኛው የነዚህ ወንድም አይደለም» አልኩ። «አጎታቸው ነው።»

ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየና ቀላ። «ከመጋዘን ተቀላቅሎ ነው» ብሎ ሌላ አመጣ። የሱንም አነበብኩ። ክሪክ በትከሻው ገፋ አደረገኝ። ትከሻው የሚደርሰው ክርኔ ጋ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ «ጋሼ፣ ዛሬ ሐብሐብ አይገዙም?» አለችኝ። ይቺንም ቀልድ ወደድኳት።

ክሪክ ራሱ ገጠመልኝ። አራተኛውን ቡሎን ሲያጠብቅ «ነገ አብሬህ እወጣለሁ» አለ። «ቢፈነዳ ስሜን አደባባይ ላይ ከምትጠራው፣ እዚያው በቅርብ ልሁንልህ።»

ዓርብ፣ በ25፣ ጠዋት

ልንነሳ ነው። ዝናብ። ባለቤቴ ሁለት ብርድ ልብስና ትራስ ጫነች። ክሪክ ከኔ ቀድሞ ጋቢና ገብቷል።

ቅዳሜ፣ በ26

ትናንት አልጻፍኩም። አሁን ሐኪም ቤት መተላለፊያ ላይ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ እየጻፍኩ ነው።

አስፋልቱ ላይ ፒካፗ ጸጥ ብላ ሄደች። ኮረኮንቹ ላይም ደህና ነበረች። ምላስ ሥር ስንደርስ ክሪክ ወርዶ ከአራቱም ጎማ ትንሽ ትንሽ ንፋስ አስተነፈሰ፤ ተንፈስ ያለ ጎማ ተዘርግቶ መሬቱን ይይዛል። በዝግተኛው ማርሽ ጀመርን። ከመሀሉ በላይ አምና የገባሁበት ቦይ አለ። እዚያ ስንደርስ የፒካፗ ኋላ ወደ ቦዩ መንሸራተት ጀመረ። እግሬ ነዳጁን ሊረግጥ ተነሳ።

«ቀስ!» አለ ክሪክ። «እልህ ጎማ አይነዳም።»

እግሬን አላላሁ። ጎማው አንድ ዙር ባዶውን ዞረ። ሁለት ዙር። ከዚያ ነከሰ። ፒካፗ እያቃሰተች ከቦዩ ራቀች። ወጣን።

ልጄ በር ላይ የፈተና ወረቀት በብብቷ ይዛ ቆማለች። ፊቷ አብጧል። «አባዬ፣ አርሜ አልጨረስኩም እኮ» አለች። «ያንቺው ፈተና ደርሷል፤ ግቢ» አልኳት። ወረቀቱን ለባልደረባዋ ሰጠች። ከባሏ ጋር ከኋላ ተቀመጡ፣ ትራሱን ደገፍን፣ ወረድን።

ቦዩን ስናልፍ ነገርኳት። ወረቀት አልያዝኩም፤ በአፌ ነው። ጎማውን፣ ቁጥሩን፣ በክሪክ ማላከኬን፣ ሁሉን። ፊቴን አልመለስኩም። የዝናብ መጥረጊያው ወዲህ ወዲያ ይላል።

ልጄ እጇን ከኋላ ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «በአሥር ዓመቴ ነው ያወቅኩት። እንዳታፍር ብዬ ፀሐይና ጨረቃ ስስል ኖርኩ። ፊደሉን ላስቆጥርህ ይገባኝ ነበር።»

«አንቺማ ሥዕል ስለምትወጂ ነው» አልኩ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«አንደኛ፣ መንገዱን እይ» አለ ክሪክ። «ያ መጥረጊያ የተሠራው ለመስታወቱ ነው እንጂ ላንተ ዓይን አይደለም።»

ከኋላ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት።

ማክሰኞ፣ በ29

ሐኪሞቹ አላስወጧትም። ግፊቱ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። «በጊዜ መጥታችኋል» አለኝ ሐኪሙ። በጊዜ የሚለውን ቃል እዚህ እንደገና ልጻፈው። በጊዜ።

ሐሙስ፣ አዲስ ወር በገባ በ1

እንድትወልድ መድኃኒት ጀመሩላት። የመተላለፊያውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቤ ጨረስኩ። «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ስድስቴ። ባለቤቴ እሱ የተጻፈው ለኔ እንደሆነ ነገረችኝ።

ዓርብ፣ በ2

ሴት ናት!

እናቷ ደህና ናት፤ ደክሟታል፣ ግን ደህና ናት። «ቀላል ነበር» አለችኝ። ውሸታም። የኔ ልጅ።

ነርሷ ሕፃኗን ጠቅልላ አመጣችልኝ። «አያት፣ ይቀበሉኝ» አለች። ባለቤቴ፣ አማቼ፣ በር ላይ ደግሞ ኮፍያውን ያወለቀ ክሪክ ቆመዋል።

«ቆይ» አልኩ።

እጇ ላይ ትንሽ የወረቀት አምባር አለች። ጎንበስ አልኩና ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ አነበብኩ። የእናቷን ስም። ሴት። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ። ቀኑን፣ የዛሬውን። ሰዓቱን።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ነርሷ።

«ጎኗን እያነበብኩ ነው» አልኳት። ልጄ አልጋው ላይ ሆና ሆዷን ይዛ «አታስቀኝ፣ ያመኛል!» አለች።

ከዚያ ተቀበልኳት። ግንባሯ ላይ አፍንጫዬን አድርጌ ረጅም አሸተትኳት።

«ለዚችኛዋ ማሽተት ይፈቀድልሃል» አለ ክሪክ።